ክርስትና በአክሱም ታሪክ፦ የገዥዎች መሣሪያ፣ የሕዝብ ሚዛን

ማንኛውም እምነት ወደ አንድ ሀገር ሲገባ የሚያርፈው በባዶ ሜዳ ላይ አይደለም። የሚያርፈው አራሽና አሳራሽ፣ ገባርና አስገባሪ፣ ነጋዴና ቀረጥ ሰብሳቢ ባሉበት ኅብረተሰብ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድን እምነት ታሪካዊ ሚና ለመረዳት የሚሻ ሁሉ በቅድሚያ የኅብረተሰቡን የምርት ኃይሎች የዕድገት ደረጃ፣ የትርፍ ምርቱን አከፋፈልና የሥልጣኑን አወቃቀር መመርመር ይኖርበታል። የእምነቱን እውነትነት መመዘን የታሪክ ጸሐፊ ተግባር አይደለም፤ እምነቱ በሰዎች መካከል የሠራውን ሥራ መመዘን ግን የማይሸሸው ግዴታው ነው።

የኢትዮጵያ የጥንት ታሪክ በዚህ ረገድ ከሁለት አቅጣጫ በደል ደርሶበታል። በአንድ በኩል የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎችና ተከታዮቻቸው ክርስትና ወደ አክሱም የገባበትን ሁኔታ የሁለት ወጣት እንግዶችና የአንድ ደግ ንጉሥ ወግ አድርገው ሲተርኩት ኖረዋል። በዚህ አተራረክ ውስጥ ገበሬው፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ ምርኮኛውና የወደብ ተሸካሚው ቦታ የላቸውም። በሌላ በኩል ተራማጅ ነን ከሚሉት አንዳንዶቹ ጉዳዩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘግተውት ያልፋሉ። ሃይማኖት የገዥ መደብ መሣሪያ ነበር ካሉ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የቀረ አይመስላቸውም። ይህ ግን ከሳይንሳዊ ትንተና ይልቅ መፈክር ነው። መሣሪያው ለምን በዚያ ዘመን ተፈለገ? በማን እጅ ገባ? ከገዥዎቹ እጅ ወጥቶስ ወዴት ሄደ? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ የአክሱም ታሪክ ግማሹ ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

የኅብረተሰቡ ይዘት

ክርስትና ሲገባ አክሱም ጀማሪ መንግሥት አልነበረችም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ አንድ የባሕር ንግድ መመሪያ የአዱሊስን ወደብና የአክሱምን ከተማ በስም ይጠቅሳል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ጥንታውያን ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ከወደቡ እስከ ከተማዋ የስምንት ቀን መንገድ ነበር። በዚህ መንገድ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ጨርቅ፣ የብርጭቆ ዕቃ፣ ወይን፣ የወይራ ዘይት፣ ናስና ብረት ወደ ደጋው ይወጣሉ። ያው መመሪያ የአካባቢው ገዥ የነበረው ዞስካሌስ የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ እንደነበረ ይመሰክራል። እንግዲህ የሜዲትራኒያን ባሕል በአክሱም ገዥዎች ቤት እግሩን የተከለው ከመስቀሉ በፊት፣ ከሸቀጡ ጋር ነው።

ይሁን እንጂ የመንግሥቱ ሀብት ከወደብ ቀረጥ ብቻ የተገኘ አልነበረም። ወደቡን፣ ሠራዊቱንና ቤተ መንግሥቱን የሚቀልበው በደጋው ላይ በበሬ የሚያርሰው ገበሬ ነው። የዚህን ጉልበት መጠን ለመገመት ዛሬም በአክሱም ከተማ የሚታዩትን ሐውልቶች መመልከት ይበቃል። ወድቆ የተሰበረው ትልቁ ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 520 ቶን ይገመታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 በፋሽስት ኢጣልያ ተዘርፎ ወደ ሮም የተጓዘውና በ1997 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ የተመለሰው ሁለተኛው ሐውልት ደግሞ 24 ሜትር ያህል ይረዝማል። ድንጋዮቹ የተፈለፈሉት ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከሚገኝ ተራራ ነው። ይህን ሁሉ ፈልፍሎ፣ ጎትቶና ጠርቦ ያቆመው እጅ ስሙን በድንጋዩ ላይ አላሰፈረም። ሐውልቶቹ የቆሙት ለሞቱ ገዥዎች መቃብር ምልክት ሲሆን፣ የተከፈላቸው ዋጋ ግን የሕያዋን ጉልበት ነበር።

በ3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅ ሳንቲም አስቀረጸ። በዚያ ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ሳንቲም የሚቀርጹ መንግሥታት በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይህም የሚያሳየው የአክሱም ገዥዎች ከአካባቢ አለቅነት ወጥተው በዓለም አቀፍ ንግድ ውስጥ በራሳቸው ስም የሚደራደሩ ኃይል መሆናቸውን ነው። ግዛታቸው በሰፋ መጠን ግን ቅራኔውም ሰፋ። ከአክሱም ሥር የተሰበሰቡት ሕዝቦች ቋንቋቸው ልዩ ልዩ፣ አኗኗራቸው ልዩ ልዩ ነበር። አክሱማውያን አስታርን፣ ምድርን፣ የነገሥታቱ አባት የሚባለውን ማሕረምን ያመልኩ ነበር። የአንድ ንጉሣዊ ቤት አባት የሆነ አምላክ ለዚያ ቤት ክብር ይበቃ ይሆናል፤ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚኖሩትን ሕዝቦች በአንድ ሥልጣን ሥር ለማስተሳሰር ግን የማይበቃ ሆኖ ነበር። ታህታይ መዋቅሩ አድጎ ላዕላይ መዋቅሩ የጠበበበት ወቅት ነው።

ከወደብ ወደ ቤተ መንግሥት

የሮማው ጸሐፊ ሩፊኖስ ያቆየልን ታሪክ በዚህ መነጽር ሲታይ ትርጉሙ ይጎላል። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን አስከትሎ በባሕር ሲጓዝ መርከቡ ለስንቅና ለውሃ ወደብ ይይዛል። የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበረው ውል ፈርሶ ስለነበር በመርከቡ ላይ የነበሩትን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ብቻ ተርፈው ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡ ግምጃ ቤትና ጽሕፈት ኃላፊ ሆኑ። ንጉሡ ሲሞት ልጁ ሕፃን ስለነበር ንግሥቲቱ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዷት ለመነቻቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፍሬምናጦስ በሥልጣን ላይ ሳለ በመጀመሪያ የሠራው ሥራ ነው። እንደ ሩፊኖስ አባባል ወደ ሀገሪቱ የሚመጡትን ክርስቲያን ሮማውያን ነጋዴዎች ፈልጎ የጸሎት ሥፍራ እንዲኖራቸው ረዳቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ማኅበረ ምእመናን የነጋዴዎች ማኅበር ነበር። ንጉሡ አድጎ ዙፋኑን ሲረከብ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተጉዞ ለፓትርያርክ አትናቴዎስ ሁኔታውን አስረዳ፤ አትናቴዎስም እርሱኑ ጳጳስ አድርጎ ሾሞ መለሰው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚባለው ይኸው ሰው ነው።

የክርስትናን ታሪክ ከሮም ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ፍሬድሪክ ኤንግልስ ስለ ጥንታዊው ክርስትና ታሪክ በ1894 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው ክርስትና በሮማ ግዛት ሲነሣ የባሮች፣ ነፃ የወጡ ባሮች፣ የድኾችና መብት የተነፈጉ ሕዝቦች እንቅስቃሴ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ፣ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ስደትና ግድያ ተቀብሎ፣ በ313 ዓ.ም. ሕጋዊ ፈቃድ አገኘ፤ በ380 ዓ.ም. የመንግሥት ሃይማኖት ሆነ። በሮም እምነቱ ከታች ወደ ላይ ወጣ። በአክሱም ግን ከላይ ወደ ታች ወረደ። ወደ አክሱም የደረሰው ክርስትና በጎረቤት ታላቅ መንግሥት ዘንድ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ሃይማኖት የሆነው ክርስትና ነው። በዚያው በ4ኛው ክፍለ ዘመን አርመንም በንጉሥዋ በትርዳት አማካይነት በተመሳሳይ መንገድ ክርስትናን ተቀብላለች።

የሮማ ነገሥታትም የዚህን ግንኙነት ፖለቲካዊ ዋጋ አልዘነጉትም። በ356 ዓ.ም. አካባቢ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳዛና በጻፈው ደብዳቤ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ የአርዮስ ወገን በሆነው በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እምነቱ እንዲመረመር ጠይቋል። ደብዳቤውን ለታሪክ ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጳጳሱን እምነት ለማስመርመር የጻፈው ወዳጅነትን በሚሰብክ ቃል ነበር፤ ዓላማው ግን የአክሱምን ቤተ ክርስቲያን በሮማ ቤተ መንግሥት መስመር ማስገባት ነበር። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ከአትናቴዎስ ወገን ጋር ጸንታ ቀረች። ሃይማኖቱን ከውጭ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ከሃይማኖቱ ጋር የውጭ ትእዛዝ መቀበል ሌላ ነገር ነው።

ድንጋዩና ሳንቲሙ የሚመሰክሩት

የሕዝቡ ትውፊት የክርስትናን መግባት ከአብርሃና ከአጽብሃ ስም ጋር ያያይዘዋል፤ የሳንቲሞቹና የድንጋይ ጽሑፎቹ ማስረጃ ደግሞ የኢዛናን ስም ይሰጠናል። የኢዛና ሳንቲሞች በመጀመሪያ የክብ ፀሐይና የጨረቃ ምልክት ነበራቸው። በኋላ በዚያው ቦታ መስቀል ገባ። በዓለም ላይ መስቀልን ዋነኛ ምልክታቸው አድርገው ከተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች መካከል የአክሱም ሳንቲሞች ይገኛሉ። ሳንቲም ነጋዴው ሁሉ በእጁ የሚያገላብጠው የመንግሥት ድምፅ ነው። ስለሆነም ንጉሡ አዲሱን እምነቱን በመጀመሪያ ያስታወቀው ለገበያው ነው ማለት ይቻላል።

የድንጋይ ጽሑፎቹ ከዚህ የበለጠ ይናገራሉ። ኢዛና ከክርስትና በፊት በቤጃ ሕዝብ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግሪክኛና በግዕዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል። በኋላ በኖባ ሕዝብ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግዕዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ግን ድሉን የሰጠውን አምላክ እግዚአ ሰማይ ብሎ ይጠራዋል። ስለዚሁ ዘመቻ የሚናገርና በ1969 በአክሱም የተገኘ የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠቅሳል። ልዩነቱ አጋጣሚ አይመስልም። ግሪክኛ ለሚያነበው የውጭ ነጋዴና መልእክተኛ ንጉሡ ሙሉ ክርስቲያን መሆኑን ያውጃል። ግዕዝ ለሚናገረው የሀገሩ ሰው ግን አሮጌው አማኝም አዲሱም ሊቀበለው በሚችል ስም ይናገራል። ይህ የአንድ ጠንቃቃ መንግሥት የሽግግር ፖለቲካ ነው።

በዚያው የግዕዝ ጽሑፍ ላይ የሰፈረው ቁጥር ደግሞ ማንኛውም የታሪክ ተማሪ ሊዘነጋው የማይገባ ነው። ከኖባ የተማረኩት ወንዶች 214፣ ሴቶች 415፣ በድምሩ 629 ናቸው። የተገደሉት ወንዶች 602፣ ሴቶችና ሕፃናት 156፣ በድምሩ 758 ናቸው። የተዘረፈው ከብት 10,560፣ በግ 51,050 ነው። የቀድሞው የቤጃ ዘመቻ ጽሑፍም እንዲሁ ከብትና በግ ይቆጥራል። አምላኩ ተለወጠ፤ የቆጠራው ዓይነት አልተለወጠም። ማሕረም በከብት ምርኮ ይመሰገን እንደነበረ ሁሉ የሰማይ ጌታም በከብት ምርኮ ተመሰገነ። የምርት ግንኙነቱ ሳይነካ የርዕዮተ ዓለሙ ስም ብቻ ሲለወጥ ውጤቱ ይህን ይመስላል።

ሆኖም በዚሁ ድንጋይ መጨረሻ ላይ አንድ አዲስ ነገር አለ። ንጉሡ ሕዝቡን በጽድቅና በፍርድ እንደሚገዛ፣ እንደማይበድለውም ቃል ይገባል። ከእርሱ ቀጥሎ በተቀረጹ የመዳብ ሳንቲሞች ላይም ይህ ሀገሪቱን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ ይገኛል። የመዳብ ሳንቲም የባለጸጎች ገንዘብ አይደለም፤ በትንሹ ገበያ የሚዘዋወር ገንዘብ ነው። ገዥው መደብ ይህን ቃል የገባው ከቸርነት የተነሣ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ይሆናል። በቃሉ ያምን ነበር ወይስ አያምንም የሚለውም ዋናው ጥያቄ አይደለም። ዋናው ነገር ንጉሥ መሆን ብቻውን በቂ ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ገዥው ስለ አገዛዙ ምክንያት መስጠት እንዳለበት በድንጋይ ላይ መጻፉ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የኢትዮጵያ ገበሬ ገዥውን የሚከስበት ቃል በገዥው በራሱ እጅ ተቀርጾ ተሰጠው።

ከቤተ መንግሥት ወደ መንደር

ከላይ የወረደ እምነት የሕዝብ እምነት እስኪሆን ድረስ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በይሓ አቅራቢያ ቤተ ሰማዕቲ በተባለ ሥፍራ የተካሄደውና ውጤቱ በ2019 ይፋ የሆነው የመሬት ቁፋሮ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አጋልጧል። በሥፍራው ከክርስትና ምልክቶች ጎን የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበትም ተገኝቷል። አዲሱና አሮጌው በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከገበያውና ከአስተዳደሩ ጋር ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በገጠሩ ክርስትናን ያስፋፋው ግን በትውፊት ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ከምሥራቅ ሮማ ግዛት የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳን የሚባሉት መነኮሳት እንቅስቃሴ ነው። አባ አረጋዊ በደብረ ዳሞ፣ አባ ገሪማ በዓድዋ አቅራቢያ፣ አባ አፍጼ በይሓ ገዳማትን እንደመሠረቱ ይነገራል። በይሓ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራው የጥንት ቤተ መቅደስ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል። ሕዝቡ ይሰግድበት የነበረውን ሥፍራ ሳይለቅ የሚሰግድለትን ለወጠ።

የዚህ ዘመን ትልቁ ሥራ በድንጋይ የታነጸው አይደለም፤ በብራና የተጻፈው ነው። በኢዛና ዘመን አካባቢ የግዕዝ ፊደል አናባቢ ድምፆችን በሰባት ቅርጽ የሚያሳይ ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ። በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት የወንጌል መጻሕፍት ብራና በሬዲዮ ካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። በመሆኑም በሥዕል ካጌጡ የዓለም ጥንታውያን ወንጌሎች መካከል ይቆጠራሉ። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ይዘታቸው ሳይጎድል ለዓለም የተረፉት በግዕዝ ነው። ግሪክኛ የቤተ መንግሥትና የወደብ ቋንቋ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ተርጓሚዎቹ ግን ትምህርቱን ወደ ሀገሩ ቋንቋ መለሱት። ፍየል ያረደው፣ ቆዳውን የፋቀው፣ ቀለም የበጠበጠው፣ ብርዕ የቀረጸውና ሌሊት ተቀምጦ የገለበጠው ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ ነው። የሀገራችን የጽሑፍ ባሕል የቆመው በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ላይ ነው።

የእምነት ወንድማማችነትና የሐር ንግድ

በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የክርስትና ዓለም አቀፍ ፖለቲካዊ ሚና በግልጽ ወጣ። በ523 የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍ (በብዙዎች ዘንድ ዙ ኑዋስ በመባል የሚታወቀው) በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ጭፍጨፋ ፈጸመ። በ525 ንጉሥ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሒምያርን ያዘ፤ የራሱንም ሰው በዚያ አነገሠ። የእምነት ወገኖችን ከጥፋት ማዳን የዘመቻው አንድ ምክንያት መሆኑ አይካድም። የባሕሩን ሁለት ዳርቻዎች በአንድ እጅ መያዝም ሌላው ምክንያት ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ወደ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ ስለ እምነት አንድነት ሲባል አክሱማውያን ሐር ከሕንድ እየገዙ ለሮማውያን እንዲሸጡና የፋርስ ጠላቶቹን ጥቅም እንዲያሳጡለት ጠየቀ። ዕቅዱ አልሠራም። የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ቅርብ በመሆናቸው መርከቦቹ በሚደርሱባቸው ወደቦች ሸቀጡን ቀድመው ይገዙት ነበር። የጋራ እምነት የንግድን መልክዓ ምድር መለወጥ አልቻለም።

ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፕዮስ የዘገበው ሌላ ነገር ደግሞ የመደብ ቅራኔው በእምነት አንድነት ያልተሸፈነ መሆኑን ያሳያል። በካሌብ ሠራዊት ውስጥ የነበሩ ባሮችና ሌሎች ወታደሮች ወደ ሀገራቸው አልመለስም ብለው በለሙ የሒምያር መሬት ላይ ቀሩ። ከዚያም ካሌብ ያነገሠውን ሰው ሽረው አብርሃ የተባለውን አነገሡ። ይህ አብርሃ በአዱሊስ በመርከብ ንግድ ይተዳደር የነበረ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር። ካሌብ በዘመዱ መሪነት 3,000 ጦር ላከ። ወታደሮቹም አዛዣቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋር ተቀላቀሉ። አብርሃም ካሌብም ክርስቲያኖች ነበሩ። በሁለቱ መካከል የቆመው መሬትና ነፃነት ነበር።

ቅራኔውና ውርሱ

የአክሱም ኃይል ከዚህ በኋላ እያዘቀዘቀ ሄደ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፋርሶች የመንን ያዙ፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ደከመች፣ የአክሱም ሳንቲም መቀረጹ ቆመ። መንግሥቱ ያለ ወደብና ያለ ሳንቲም ሲዳከም በገዳማቱ የሰፈረው ጽሑፍና ሥርዓት ግን አብሮት አልጠፋም። ይህም የሚያስተምረን የላዕላይ መዋቅር አካላት ከመሠረታቸው ተነጥለው ለረጅም ጊዜ ሊኖሩ፣ እንዲያውም አዲስ መሠረት ፈልገው ሊተክሉ እንደሚችሉ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት ቤተ ክርስቲያን ከመሬት ጋር በጉልትና በሰሞን መሬት ተሳሰረች። ቀድሞ የነጋዴዎች ማኅበር የነበረው ተቋም በፊውዳላዊው ሥርዓት ውስጥ ባለ መሬት ሆነ። ጳጳሱም ለረጅም ዘመናት ከእስክንድርያ ይላክ ነበር፤ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ።

በሌላ በኩል ያ በድንጋይ የተጻፈ የፍትሕ ቃል ከሀገሩ ድንበር አልፎ ተሰማ። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በባዕድ ሀገር መጠጊያ ሲሹ የመረጡት የክርስቲያኑን የአክሱም ንጉሥ ግዛት ነው። በእስልምና ትውፊትም ንጉሡ ነጃሺ ሰው በእርሱ ዘንድ የማይበደልበት ገዥ ሆኖ ይታወሳል። የአንድ እምነት ንጉሥ የሌላውን እምነት ስደተኞች አሳልፎ አልሰጠም። ለኢትዮጵያ ሕዝቦች አብሮ የመኖር ታሪክ ይህ ከየትኛውም ሐውልት የማያንስ ቅርስ ነው።

በኢዛና ዘመን የተጀመረው የዙፋንና የመንበር ትስስር አሥራ ስድስት ክፍለ ዘመናት ያህል ዘልቆ በ1948 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 በሕግ ቋንቋ ተጻፈ። አንቀጹ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆንዋን ይደነግግ ነበር። ገበሬው በበኩሉ ፍርድ ይሰጠኝ ማለቱን አላቋረጠም። መሬት ላራሹ የሚለው የ1957 ዓ.ም. የተማሪዎች ድምፅ፣ የ1966ቱ ሕዝባዊ አብዮት፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ያንን ጥያቄ የመለሱና ያስመለሱ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ክርስትና በአክሱም የገባው የንግድ መንግሥት የርዕዮተ ዓለም ጥበት በገጠመው ሰዓት፣ በወደብ በኩል፣ በቤተ መንግሥት ፈቃድ ነው። ገዥዎቹ ግዛታቸውን ለማስተሳሰርና በዓለም ገበያ ስማቸውን ለማስከበር ተጠቅመውበታል። እነርሱ ግን ያላቀዱት ሁለት ነገር አብሮ ገባ። አንደኛው ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ያዳበረው የጽሑፍ ባሕል ነው። ሁለተኛው ገዥ ለተገዥ የሚገባው የፍትሕ ቃል ነው። የመጀመሪያው መጻሕፍትን አተረፈልን። ሁለተኛው እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የትግል መለኪያ ሆኖ አገልግሏል።

ዛሬ የአክሱምን ታሪክ የአንድ እምነት፣ የአንድ ክልል ወይም የአንድ ወገን የግል ንብረት ለማድረግ የሚሽቀዳደሙ አሉ። እንዲሁም ታሪኩ የእኛ አይደለም ብለው ከነጭራሹ ሊጥሉት የሚፈልጉ አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ነገሥታቱ ነው። ያ 520 ቶን ድንጋይ ግን በንጉሥ ትከሻ አልተጎተተም፤ የገሪማ ወንጌልም በንጉሥ ብርዕ አልተጻፈም፤ በኖባ የተማረኩት 415 ሴቶች በየትኛውም ወገን የክብር መዝገብ ውስጥ አልገቡም። ታሪኩ የእነዚህ ሁሉ ነው። መምህሩ በክፍሉ፣ ወላጅ በቤቱ፣ ጋዜጠኛው በዓምዱ የአክሱምን ዘመን ሲያነሣ ከመስቀሉና ከዘውዱ ጋር የእነዚህን ስም የለሽ ሠራተኞች ድርሻ ሊያስተምር ይገባዋል። ንጉሡ በድንጋይ ላይ የገባው የጽድቅና የፍርድ ቃልም ያለፈ ዘመን ጌጥ ሆኖ እንዲቀር ልንፈቅድ አይገባም። በየዘመኑ የሚሾም ሁሉ ሊጠየቅበት የሚገባ፣ ጊዜ የማይሽረው ዕዳ ነውና።